ድርጊት የሞላበት ትዕይንት አሳሳል ለጀማሪዎች፦ የገና ጨዋታን ከባዶ ወረቀት እስከ መጨረሻው ጥላ

የሚሮጥ ሰው ለመሳል ተነስቶ የቆመ ሰው ስሎ የሚጨርስ ጀማሪ ብዙ ነው። እግሩ ተነስቷል፣ እጁ ተዘርግቷል፣ ሰውየው ግን ፎቶ ሊያነሱት «እንዲህ ሁን» ያሉት ይመስላል። ችግሩ ብዙ ጊዜ የእጅ ችሎታ አይደለም፤ የሥራው ቅደም ተከተል ነው። ጀማሪው ከፊት ይጀምራል። ዓይንና አፍንጫ ያሳምራል፤ ከዚያ አንገት፣ ከዚያ ትከሻ እያለ ወደ ታች ይወርዳል። እግር ጋ ሲደርስ ወረቀቱ ያልቅበትና በቀረችው ቦታ እንዲገባ ያጥፈዋል። እንቅስቃሴ ግን መሬት ከረገጠው እግር ተነስቶ፣ በዳሌና በጀርባ አልፎ እጅ ላይ የሚደርስ አንድ ኃይል ነው። ያንን ኃይል በመጀመሪያው መስመር ካልያዛችሁት በኋላ የሚያስገባው ነገር የለም።

እዚህ አንድ ሥዕል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንሠራለን፦ ጃንሜዳ፣ የገና ጨዋታ። አንዱ ተጫዋች ሩሩን (የጨዋታውን ኳስ) ሊመታ ዱላውን ወደ ኋላ ስቧል። ተከላካዩ ሊያስጥለው ዘሎ አየር ላይ ነው። ሦስተኛው ከሩቅ እየሮጠ ይመጣል። መጠምዘዝ፣ መዝለልና መሮጥ በአንድ ወረቀት ላይ ስለሚገኙ ለትምህርት ከዚህ የተሻለ ትዕይንት አይገኝም። ኳስ ተጫዋች ወይም የሚሄድ ታክሲ ላይ የሚንጠለጠል ወያላ ለመሳልም ቅደም ተከተሉ ያው ነው።

ዝግጅት

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች፦

• ለልምምድ 50 ሉክ የፎቶ ኮፒ ወረቀት፣ ኤ4። 80 ግራም ስለሆነ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተላገ ይላጫል፤ ለመጨረሻው ሥራ አይሆንም።
• ለመጨረሻው ሥራ ኤ3 የሥዕል ወረቀት፣ 160 ግራም ወይም ከዚያ በላይ።
• ኤችቢ፣ 2ቢ እና 6ቢ እርሳስ፣ አንድ አንድ። ኤችቢ ለረቂቅ፣ 2ቢ ለመስመር፣ 6ቢ ለጥቁሩ ጥላ።
• ነጭ ለስላሳ ላጲስ። ቀይና ሰማያዊ የሆነው ጠንካራ ላጲስ ወረቀት ይፍቃል።
• ማስመሪያ፣ ምላጭ ወይም መቅረጫ፣ ወረቀቱን የሚይዝ ጠፍጣፋ ጣውላ ወይም ወፍራም ካርቶን፣ ሁለት መቆንጠጫ።

ጣውላውን ጭናችሁ ላይ አድርጋችሁ ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ አስደግፉት። ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ ከተሳለ፣ የላይኛው ክፍል ከዓይናችሁ ስለሚርቅ ሳታውቁት ታገዝፉታላችሁ፤ ሥዕሉን ስታቆሙት ጭንቅላቶቹ ሁሉ ትልልቅ ሆነው ታገኟቸዋላችሁ። ብርሃኑ ከምትስሉበት እጅ በተቃራኒው በኩል ይምጣ።

ከሥራው በፊት ሁለት ሉክ ላይ እጃችሁን አሟሙቁ። ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር የሚረዝሙ ቅስቶችን በአንድ ትንፋሽ ሳቡ። እጅ የሚንቀሳቀሰው ከትከሻ ነው፤ አንጓችሁ ጣውላው ላይ ተጣብቆ ከቀረ የሚወጣው መስመር አጭርና ፀጉራም ይሆናል።

ደረጃ 1፦ ቅጽበቱን ምረጡ

ትዕይንቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ወረቀት ላይ ጻፉት። «መቺው ዱላውን እስከ መጨረሻው ስቧል፤ ተከላካዩ በትንሹ ዘግይቷል።» ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ግስ ከጠፋ («ሰዎች ገና ሲጫወቱ» ዓይነት ከሆነ) ገና ምንም አልመረጣችሁም።

አንድ ምት ሦስት ቅጽበት አለው፤ ዱላው የሚሳብበት፣ ሩሩን የሚነካበትና ነክቶ የሚያልፍበት። ጀማሪ ሁሉ የሚመርጠው መካከለኛውን ነው፤ ከሦስቱ ደካማውም እሱ ነው። ዱላው ሩሩን ሲነካ ወደ መሬት ቀጥ ብሎ ስለሚወርድ፣ ወረቀት ላይ ሰውየው ምርኩዝ የተደገፈ ይመስላል። የመሳቡን ጫፍ ወይም ያለፈበትን ጫፍ ምረጡ። የቀረውን ምት የተመልካቹ ዓይን ራሱ ይሞላዋል። ለዚህ ሥዕል የመሳቡን ጫፍ እንወስዳለን።

ደረጃ 2፦ ስድስት ትንንሽ ረቂቆች

1. በአንድ ሉክ ላይ 6 በ8.5 ሳንቲ ሜትር የሆኑ ስድስት ሳጥኖች አስምሩ። መጠኑ ከኤ3 ወረቀት ጋር ተመጣጣኝ ስለሆነ ረቂቁ ሲተልቅ አይዛባም።
2. ለእያንዳንዱ 3 ደቂቃ ብቻ። ዓይን፣ ጣት፣ የልብስ ቁልፍ የለም። ነጭ፣ ግራጫና ጥቁር እድፍ ብቻ።
3. በየሳጥኑ የምታዩበትን ከፍታ ቀይሩ። ቆማችሁ፣ ተንበርክካችሁ፣ መሬት ላይ ተኝታችሁ፣ ከፎቅ ላይ ሆናችሁ።
4. ሰዎቹን ሙሉ በሙሉ አጥቁሯቸው። ከጥቁሩ ቅርጽ ብቻ «ይህ ሊመታ ነው፣ ያ ዘሏል» ማለት ካልቻላችሁ እጁንና ዱላውን ከሰውነቱ አውጥታችሁ ሰማዩ ላይ አድርጓቸው። ደረት ላይ የተደረበ ክንድ በጥላ መልክ አይታይም።

ስድስቱም ተመሳሳይ ሆነው ከወጡ (የመጀመሪያ ጊዜ ብዙውን ጊዜ እንዲህ ነው) በሰባተኛው ራሳችሁን አስገድዱ፦ መቺው የሥዕሉን ቁመት አብዛኛውን ይያዝ፣ የሩቁ ሯጭ አውራ ጣት አይሙላ። የመጠን ልዩነት የሌለበት ትዕይንት የክፍል ፎቶ ነው የሚሆነው።

ለዚህ ሥራ የጉልበት ከፍታ እንመርጣለን፤ ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሜዳው ደልዳላ ሲሆንና ዓይናችሁ በጉልበት ልክ ሲሆን፣ የአድማሱ መስመር ቆሞ የሚታየውን ሰው ሁሉ ጉልበቱ ላይ ያቋርጠዋል፤ ቅርብ ያለውንም፣ መቶ ሜትር የራቀውንም። ከጉልበት በላይ ያለው ሁሉ ሰማይ ላይ ይወጣና ቅርጹ ጎልቶ ይነበባል። ጀማሪዎች የሩቁን ሰው «ከላይ የተንጠለጠለ» ወይም «የተቀበረ» አስመስለው የሚስሉት ይህን ባለማወቅ ነው። ልብ በሉ፤ ሕጉ የሚሠራው በደልዳላ መሬት ላይ ነው። ከፒያሳ ወደ ለገሃር በሚወርደው ቸርችል ጎዳና ላይ ቆማችሁ ቁልቁል ስታዩ መሬቱ ስለሚወርድ፣ የራቁት ሰዎች ጭንቅላታቸው ሳይቀር ከአድማሱ መስመር በታች ሊሆን ይችላል።

ደረጃ 3፦ ልኩን ወረቀቱ ላይ አውጡ

ኤ3ውን አግድም አድርጉት። ቁጥሮቹ እነዚህ ናቸው፦

1. የአድማሱን መስመር ከወረቀቱ ግርጌ 9 ሳንቲ ሜትር ላይ በስሱ አስምሩ።
2. መቺው በግራ ሲሶው ላይ ይቁም። ተረከዙ ከግርጌ 3.5 ሳንቲ ሜትር ላይ፣ ማለትም ከአድማሱ 5.5 በታች። ቀጥ ብሎ ቢቆም ቁመቱ 21 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ጭንቅላቱ 2.8። (አዋቂ ሰው ሰባት ተኩል ጭንቅላት ያህል ይቆማል።)
3. ተከላካዩ ትንሽ ራቅ ያለ ነው፤ ቁመቱ 16። የተነሳበት ወይም የሚያርፍበት መሬት ከአድማሱ 4.2 በታች ነው።
4. የሩቁ ሯጭ 4 ሳንቲ ሜትር፤ እግሩ ከአድማሱ 1 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይላል።

በኤ4 የምትሠሩ ከሆነ ሁሉንም ቁጥር በ0.7 አባዙ።

ማስጠንቀቂያ፦ 21 ሳንቲ ሜትር ቀጥ ብሎ ለቆመ ሰው ነው። መቺው ጉልበቱን አጥፎ ወገቡን ስላጎነበሰ፣ ወረቀቱ ላይ ከተረከዝ እስከ አናት 17 ወይም 18 ብቻ ይይዛል። የጎበጠን ሰው በሙሉ ቁመቱ መሳል በጣም የተለመደ ስህተት ነው፤ ሰውየው ጎረቤቶቹን የሚያህል ሳይሆን ግዙፍ ይሆናል። ልኬቱን ቀጥ ባለ ማስመሪያ አትውሰዱ፤ ክር ወስዳችሁ በጀርባው ቅስት ላይ አስኪዱት።

ደረጃ 4፦ የድርጊት መስመር

ሥዕሉ የሚሞተውም የሚድነውም እዚህ ነው፤ ጊዜ ስጡት።

የድርጊት መስመር ማለት ከጭንቅላት ተነስቶ በጀርባ አጥንት አልፎ ኃይሉን እስከያዘው እግር የሚሄድ አንድ ያልተቆራረጠ መስመር ነው። ቀጥ ያለ መስመር ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ይሰጣችኋል፤ ቅስት ኃይል ያከማቸ ሰው፤ ዘንበል ያለ ረጅም መስመር ደግሞ የሚጓዝ ሰው።

መቺው፦ ፊቱ ወደ እኛ ነው፣ ቀኝ እጁ ጠንካራው ነው፣ ሩሩን ወደ ሥዕሉ ቀኝ ይመታል። ዱላው በግራ በኩል ከትከሻው በላይ ወደ ኋላ ተስቧል። ከጭንቅላቱ ጀምራችሁ ሆዱ ወደ ሥዕሉ ቀኝ የወጣ ቅስት ሳቡ፤ መጨረሻው በግራ በኩል ያለው የኋላ እግሩ ነው። ዳሌው ወደ ሩሩ መሄድ ጀምሯል፤ ጭንቅላቱና ዱላው ገና ወደ ኋላ ቀርተዋል። ምቱን ጠንካራ የሚያስመስለው ይህ መዘግየት ነው።

ተከላካዩ፦ ከሥዕሉ ቀኝ ወደ ግራ ዘሏል። ከኋላ ከተዘረጋው እግሩ ጣት እስከ ፊት እጁ አንድ ረጅም፣ ጀርባው ወደ ሰማይ የሆነ ለስላሳ ቅስት።

ሯጩ፦ ወደ ፊት ያጋደለ አንድ ቀጭን መስመር፤ ይበቃዋል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ለእያንዳንዱ ሰው በልምምድ ወረቀት ላይ አሥር ጊዜ፣ እያንዳንዱን በ30 ሰከንድ ውስጥ ሳቡ። የስልካችሁን ሰዓት ቆጣሪ ተጠቀሙ፤ «ቆየት ልበል» ማለት አይቻልም። ከአሥሩ ሕያው የሆነውን መርጣችሁ በኤ3ው ላይ በኤችቢ ድገሙት። ያቺ መስመር እስከ ደረጃ 9 አትላግም። ከዚህ በኋላ የምትጨምሩት ነገር ሁሉ ከእሷ ጋር ከተጋጨ፣ የሚለወጠው የጨመራችሁት ነው፤ እሷ አይደለችም። ብዙዎች መስመሩን በደንብ ይስሉና ሰውነቱን ሲያለብሱት «ትንሽ ጠመመ» ብለው ያቃኑታል። አታቃኑት። እንዲያውም ከእውነቱ ጥቂት አጋንኑት፤ ሰውነት በተጨመረ ቁጥር እንቅስቃሴው መደንዘዙ ስለማይቀር፣ ትርፍ ይዛችሁ መነሳት አለባችሁ።

ደረጃ 5፦ ጭንቅላት፣ ደረት፣ ዳሌ

በመስመሩ ላይ ሦስት ነገር ብቻ ስቀሉ፦ ጭንቅላቱን እንቁላል፣ ደረቱን ትልቅ እንቁላል፣ ዳሌውን ሳጥን። በደረትና በዳሌ መካከል ክፍተት ተዉ፤ ሰውነት የሚታጠፈውና የሚጠመዘዘው እዚያ ነው።

አሁን ደረቱ ላይ የትከሻ መስመር፣ ዳሌው ላይ የዳሌ መስመር አስምሩ። ሁለቱ ትይዩ ከሆኑ ሰውየው ሣንቃ ነው። በመቺው ላይ እምብርቱ ወደ ሩሩ ዞሯል፣ ደረቱ ግን ገና ወደ ዱላው በኩል ነው፤ በሁለቱ መካከል ቢያንስ 30 ዲግሪ መጠማዘዝ ይኑር። የኋላው ትከሻ ከፍ፣ የፊተኛው ዝቅ ብሎ ወደ አገጩ ይጠጋል። በአንዱ ጎን ቆዳውና ሸሚዙ ይጨማደዳል፣ በሌላው ይለጠጣል። የተጨማደደውን ጎን በአጭር ስብርባሪ መስመር፣ የተለጠጠውን በአንድ ረጅም መስመር ሳሉት።

መጠማዘዙ አልታይ ካለ በደረቱ መካከል ከጉሮሮ እስከ እምብርት አንድ መስመር አውርዱ። ይህ መስመር ቀጥ ብሎ ከወረደ አልተጠማዘዘም፤ መጉበጥ አለበት።

ደረጃ 6፦ እጅና እግር

1. ዱላውን መጀመሪያ ሳሉ። ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ያልተቋረጠ መስመር፣ ለዚህ ሥዕል አራት ጭንቅላት ያህል ርዝመት፣ ጫፉ ቆልመም ያለ። ከዚያ እጆቹን በላዩ ላይ ጨብጡ። እጅን አስቀድሞ ስሎ ዱላን በግራና በቀኝ የሚያስገባ ሰው፣ ዱላው የተሰበረ እንዲመስል ማድረጉ አይቀርም።
2. ክንድና እግርን እንደ ቱቦ ሳሉ። ቱቦው ወደ እኛ ሲመጣ አፉ ሰፊ ክብ ይሆናል፤ በጎን ሲሆን ይጠብባል። ክርንና ጉልበት ላይ ቀለበት አስገቡ፤ የቀለበቱ አቅጣጫ ክንዱ ወዴት እንደሚሄድ ይነግራችኋል።
3. መዳፍን ጣት እንደሌለው ጓንት አድርጋችሁ ጀምሩ፤ አውራ ጣት ብቻ ይለይ። የእጅ ርዝመት ከአገጭ እስከ ፀጉር መነሻ ነው፤ ጀማሪ ሁልጊዜ ያሳንሰዋል።
4. ሯጩ ላይ ቀኝ እጅ ከግራ እግር ጋር ወደ ፊት ይሄዳል። ቀኝ ከቀኝ ጋር ከሄደ ሯጩ አሻንጉሊት ይሆናል። ይህን ሳያረጋግጡ ወደ ቀጣዩ ማለፍ የለም።
5. የሚገፋው እግር መሬት የሚነካው በጣቶቹ ሥር ብቻ ነው፤ ተረከዙ ተነስቷል። ሙሉ በሙሉ የተረገጠ እግር ፍጥነትን ይገድላል።

ወደ እኛ የመጣ ክንድ ጉዳይ

የተከላካዩ የፊት እጅ በከፊል ወደ እኛ ይመጣል። አእምሯችሁ «ክንድ ረጅም ነው» ስለሚል በሙሉ ርዝመቱ ትስሉታላችሁ፤ ውጤቱ ወደ ጎን የወጣ ቀጭን እጅ ነው። መፍትሔው ክንዱን ማሳጠር፣ ጡጫውን ማተለቅና ቅርጾቹን መደራረብ ነው፦ ጡጫው የአንጓውን ከፊል ይሸፍን፣ ክንዱ የክርኑን፣ ክርኑ የትከሻውን። መደራረብ ከሌለ ማሳጠሩ ብቻውን የተቆረጠ ክንድ ያስመስላል።

አሁንም እምቢ ካለ፣ አንድ ሰው ጡጫውን ወደ ስልካችሁ እንዲዘረጋ አድርጉና ካሜራውን ከጡጫው 40 ሳንቲ ሜትር አርቃችሁ አንሱ። ቅርብ ያለ ካሜራ ልዩነቱን ያጋንነዋል፤ ለድርጊት ሥዕል የሚፈለገውም ይኸው ነው። ፎቶውን ገልብጣችሁ ክንዱን ሳይሆን በዙሪያው ያለውን ባዶ ቦታ ሳሉ።

ደረጃ 7፦ ክብደቱን መርምሩ

ከጉሮሮው ሥር ካለችው ጉድጓድ ቀጥ ያለ መስመር ወደ መሬት ጣሉ። መስመሩ በሁለቱ እግሮች መካከል ወይም በቆመበት እግር ላይ ካረፈ ሰውየው ሚዛኑን ጠብቋል፤ መቺው እንዲህ መሆን አለበት፣ ከኋላ እግሩ አጠገብ። ሯጩ ላይ መስመሩ ከረገጠው እግር ፊት ይውደቅ፤ ቀጣዩ እግር ባይደርስ በአፍጢሙ ይደፋ ነበር። ሩጫ የሚመስለው ለዚህ ነው። መስመሩ እግሩ ላይ ካረፈ፣ ሰውየው ባለበት ይረግጣል እንጂ አይሄድም። ጠቅላላውን ሰውነት ከቁርጭምጭሚቱ ጀምራችሁ አዘንብሉት፤ ጭንቅላቱን ብቻ ወደ ፊት መግፋት አይበቃም።

ደረጃ 8፦ ብርሃንና መሬት

ሰዓቱን ወስኑ። በገና ቀን፣ ታኅሣሥ 29፣ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ አዲስ አበባ ውስጥ ፀሐይ ከአድማስ 30 ዲግሪ ያህል ከፍ ብላ በምዕራብና በደቡብ መካከል ትሆናለች። የሰው ጥላ ከቁመቱ 1.7 እጥፍ ይረዝማል። እኩለ ቀን ላይ ግን ጥላው ከግማሽ ቁመት ብዙም አይበልጥም፤ ለድርጊት የሚሆነው የ10 ሰዓቱ ነው።

በሥዕላችን ወደ ሰሜን እያየን ነው፤ ከኋላ የእንጦጦ ሰንሰለት ይታያል። ስለዚህ ብርሃኑ ከግራና ከጀርባችን ይመጣል፣ ጥላዎቹ ወደ ቀኝና ወደ ውስጥ ይሄዳሉ። ዓይናችን ዝቅ ስላለ ጥላው ሰፊ ምንጣፍ ሆኖ ሳይሆን ቀጭን ጥቁር ስንጥቅ ሆኖ ይታያል። ሁለት ነገር ጠብቁ፦

• የሁሉም ጥላ አንድ አቅጣጫ ይያዝ፣ በደልዳላ መሬት ላይ ደግሞ አንድም ጥላ የአድማሱን መስመር አይለፍ።
• የረገጠ እግር ጥላው ከእግሩ ይነሳል። የዘለለ ሰው ጥላው ከእግሩ ይለያል። በተከላካዩ እግርና በጥላው መካከል ያለው ባዶ መሬት ነው መዝለሉን የሚናገረው፤ ጥላው ከተነካካ ዝላዩ ጠፋ።

የእንጦጦን ሰንሰለት በአንድ ፈዛዛ ግራጫ ብቻ ሳሉ። ዛፎቹን አንድ በአንድ የሚስል ሰው የተመልካቹን ዓይን ከዱላው ላይ ይሰርቃል። አቧራውን በሚገፋው እግር ጀርባ ብቻ አስቀምጡ፣ በላጲስ ጫፍ እየነካካችሁ አንሱት።

ደረጃ 9፦ ልብስና ፊት

ጨርቅ ከሰውነቱ ዘግይቶ ይንቀሳቀሳል። ተከላካዩ ወደ ግራ ከዘለለ ሸሚዙና ነጠላው ወደ ቀኝ ይቀራሉ። እጥፋቶች ሁሉ ከሚጎትታቸው ነጥብ ይነሳሉ፤ ከትከሻ፣ ከክርን፣ ከብሽሽት፣ ከጉልበት። መነሻ የሌለው እጥፋት አትሳሉ። ለአንድ እጅጌ ሦስት እጥፋት ይበቃል።

ፊት ከሁሉ በኋላ ይመጣል። 2.8 ሳንቲ ሜትር ጭንቅላት ላይ ቅንድብ፣ የዓይን ጥላና የተከፈተ ወይም የተነከሰ አፍ ካለ በቂ ነው። በነባሮቹ የጦርነት ሥዕሎቻችን ወገን በሙሉ ፊት፣ ጠላት በጎን የሚሳልበት ልማድ አለ፤ ለእናንተም ይጠቅማል። ተመልካቹ ከማን ጋር እንዲሆን እንደምትፈልጉ ወስኑና የእሱን ሁለቱንም ዓይን አሳዩ። እዚህ መቺው ነው፤ ተከላካዩ በጎኑ ይበቃዋል።

አሁን የድርጊት መስመሩን መላግ ይቻላል።

ደረጃ 10፦ ጥቁር፣ ግራጫ፣ ነጭ

ሥዕሉን በሦስት ደረጃ ብቻ አጥቁሩት። ሰማዩ ነጭ፣ መሬትና ተራራ ግራጫ፣ ጥቁሩ ደግሞ የመቺው ፀጉር፣ ዱላው፣ የጥላው ጎንና መሬት ላይ ያለው ጥላ። በጣም ጥቁሩና በጣም ነጩ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ዓይን ያርፋል፤ እዚያ ዱላውና የመቺው ጭንቅላት መኖር አለባቸው። ሯጩ ከግራጫ በላይ አይጥቆር።

የመጨረሻውን መስመር በ2ቢ ስትስሉ ኃይል ባለበት ወፈር፣ ብርሃን በሚመታበት ቀጠን አድርጉት። ፈጣን በሆኑት ጫፎች (በዱላው ጫፍ፣ በነጠላው ጫፍ) መስመሩን ሳትዘጉ ተዉት። የፍጥነት ጭረት ከፈለጋችሁ ሦስት አራት ይበቃል። ጭረት የደረቀ ሰውነትን አያድንም። እጃችሁ እርሳሱን እንዳያደበዝዘው ከመዳፋችሁ ሥር ንጹሕ ወረቀት አድርጉ።

የት ሄዳችሁ ትለማመዳላችሁ

የምትፈልጉት አንድን እንቅስቃሴ ደጋግሞ የሚያደርግ ሰው ነው፤ ያመለጣችሁ ቅጽበት ተመልሶ ይመጣል። ለዚህ የመስቀል አደባባይ ደረጃዎች ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ከምንም ይሻላሉ፦ የሚሮጡት ሰዎች በየረድፉ እየተመላለሱ ያልፉባችኋል። ለአንድ ሯጭ አንድ መስመር ብቻ ያዙ፣ በተመለሰ ጊዜ ደረትና ዳሌ ጨምሩ፣ በሦስተኛው እግሩን። ሜክሲኮና አራት ኪሎ የታክሲ መያዣዎች ለመጎንበስ፣ ለመንጠልጠልና ለመሸከም ጥሩ ናቸው። ጃንሜዳ በአዘቦት ቀንም ኳስ አይጠፋበትም።

ማስጠንቀቂያ፦ ቤተ መንግሥት፣ የጦር ካምፕና ጥበቃ ያለበት መሥሪያ ቤት አጠገብ ደብተር ዘርግታችሁ አትቀመጡ፣ ስልክም አታንሱ። የማታውቁትን ሰው ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ጠይቁ፤ ልጆች ከሆኑ ወላጅን። ስልካችሁን መንገድ ዳር ጭናችሁ ላይ አታስቀምጡ።

ሲበላሽ ምን ይደረግ

ሁሉም ነገር ትክክል ሆኖ ሥዕሉ ግን ደረቀ። ወረቀቱን ገልብጣችሁ መስኮት መስታወት ላይ ለጥፉና ከጀርባው እዩት። ቀጥ ብሎ የቀረው አካል ወዲያው ይታያችኋል፤ ብዙ ጊዜ አንገት ነው። ጭንቅላቱ የጀርባውን ቅስት ተከትሎ ማዘንበል ሲገባው ቀጥ ብሎ ቆሞ ይገኛል።

መቺው የሚመታ ሳይሆን የሚደንስ መሰለ። ዱላው ከሰውነቱ ጋር አንድ አቅጣጫ ይዟል ማለት ነው። የዱላውን መስመር የጀርባውን ቅስት እስኪያቋርጥ አዙሩት፤ ዓይኑንም ሩሩ ላይ መልሱ።

ተከላካዩ የዘለለ ሳይሆን የተሰቀለ መሰለ። ሁለቱ እግሮቹ ተመሳሳይ ሆነው ይሆናል። አንዱን አጥፉ፣ ሌላውን ዘርጉ፤ ከዚያ ጥላውን ከእግሩ አርቁ።

ሰዎቹ ተጣብቀው አንዱ ከሌላው አልለይ አለ። በመቺውና በተከላካዩ መካከል ቢያንስ የአንድ ጭንቅላት ስፋት ነጭ ሰማይ ክፈቱ። ሩሩ ከመቺው የፊት እግር አጠገብ፣ በዚያ ክፍት ቦታ ሥር ይሁን።

ወረቀቱ በላጲስ ብዛት ተላጨ። አትታገሉት። ሥዕሉን በቀን ብርሃን መስኮት ላይ አድርጋችሁ አዲስ ሉክ ደርቡበትና የድርጊት መስመሮቹንና ሦስቱን ቅርጾች ብቻ አሻግሩ፤ ዝርዝሩን አትገልብጡ። ከደረጃ 6 ጀምራችሁ እንደ አዲስ ሥሩ። በክረምት ወረቀት እርጥበት ስለሚስብ ቶሎ ይላጫል፤ ኤ3ውን በፕላስቲክ ሸፍናችሁ ጠፍጣፋ አድርጋችሁ አስቀምጡ፣ አትጠቅልሉት፤ የተጠቀለለ ወረቀት ጣውላው ላይ እየተነሳ ረጅሙን መስመር ያዘልልባችኋል።